ኮምፒውተርህን ከመሸጤ በፊት

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዘርአብሩክ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሸክም ላይ ነህ? የጆሃንስበርግ ምግብስ ተስማማህ? እኔ ደህና ነኝ። ሳስነጥስ ይማርሽ የሚለኝ ጠፋ እንጂ ጤናዬ ደህና ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶብን የቆላው የጎልቦ ሰዎች ከብታቸውን ይዘው ርቀዋል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ጨዋታ ይዞ የሚውለው ሀላኬ እንኳ ከሄደ ሰነበተ። የጽሕፈት ሱቃችንን ከፍቼ ብቻዬን እውላለሁ፤ የማወራው ከፎቶኮፒው ጋር ነው። ከማዶ ከኢትዮጵያ መብራት ሲጠፋ እኛም አብረን እንጨልማለን፤ ኮምፒውተርህም ጽሑፉን አጋምሼ ሳለሁ ድርግም ይላል። እረግመውና እንደገና እጀምራለሁ።

ስልክ ሻጩ ጎረቤታችን ፖል ለፈረንጆቹ ገና ናይሮቢ ሲወርድ ታብሌት ላምጣልሽ፣ አሮጌውን ኮምፒውተርም እዚያው ልሽጥልሽ ብሎኛል። ሁለት ዓይነት አሳየኝ። ትንሹ ለእጅ ይቀላል፤ ግን ለእኔ ዓይን አይሆንም፣ ሲም ካርድም አይቀበልም። ትልቁ ሲም ይቀበላል፣ መብራት ቢጠፋም ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ የአማርኛው ፊደልም በጣት ሲነኩት ይመጣል። ከፕሪንተራችን ጋር ይግባባ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ገባ። እሱ ችግር የለም ሲል ችግር መኖሩን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ትልቁን መርጫለሁ።

እሺ አምጣው ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም። ኮምፒውተሩ ያንተ ነው። የሄድክ ዕለት ስመለስ እሠራበታለሁና እንዳትሸጪው ብለኸኝ ነበር። ባለፈው በስልክ ያ አሮጌ ዕቃ ምን ያደርግልሻል፣ ሽጪውና ታብሌት ግዢ ስትለኝ፣ ምን እንደነገርከኝ ለራስህም የታወቀህ አልመሰለኝም። ትመጣለህ ወይ ብልህም ሳቅህን ለቀህ ወሬ ቀየርክ። በወረቀት የጻፍኩልህ ለዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ስቀህ አታመልጠኝም። የምትመጣ ከሆነ እየጠፋም እየበራም ኮምፒውተርህን ይዤ እጠብቅሃለሁ። የማትመጣ ከሆነም ቁርጡን ንገረኝ፤ አልቀየምህም። አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ታብሌቱን እገዛለሁ።

አከራያችን እማማ ጋዲሴ ሁልጊዜ ስላንተ ይጠይቁኛል። ፖልም ሰላም ብሎሃል። ከዚህ አብሮህ የወጣውን ቦናያን ሳም አድርግልኝ። ባለፈው ስንደዋወል ከኋላህ ምሳ ቀርቧል ብላ በአማርኛ የጠራችህንም ሴት ሰላም በልልኝ። ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ በስሟ እጠራት ነበር።

እህትህ አበበች
ሞያሌ፣ ኬንያ
ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.