የአባዬ ምንሽር አይቆረጥም

ሰኞ

አይቆረጥም አልኩ። ከማዕድ ተነስቼ ነው ያልኩት፤ ጋሼ ታከለም እማም ደንግጠው አዩኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታከለ እዚሁ እንጅባራ ዳር የከሰል መጋዘን ጥበቃ ተቀጥሯል። መሣሪያው አባዬ ትቶልን የሞተው ረጅሙ ምንሽር ነው። ፈቃድ አለው፤ ግን ሥራ ሲመላለስ ባጃጅ ውስጥ አይመቸውም፣ በር ላይ ይጋጭበታል። ስለዚህ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ከተማ ወስዶ ብረት ሠሪ ዘንድ አፈሙዙን ሊያስቆርጠው ነው። "የሽጉጥ ቁመት፣ የጠመንጃ ጉልበት" ይላል። ጉልበቱ ያለው ጥይቱ ውስጥ ነው፣ ቱቦው ማሳለፊያ ነው ባይ ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ይህን ዝም ብዬ ልስማ? እማም ምንሽሩን ከተሰቀለበት አውርዳ በነጠላዋ ወለወለችው። ከአባዬ የቀራት ይኸው ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ላስረዳው ሞከርኩ። የጠመንጃ ጥይት ያን ያህል ባሩድ የተሞላው ለረጅም ቱቦ ታስቦ ነው አልኩት። ጋዙ አረሩን እየገፋ የሚያፈጥነው ቱቦው ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ቱቦው ካጠረ አረሩ ፍጥነት ሳይሰበስብ ይወጣል፤ የቀረው ጉልበት እሳትና ጩኸት ሆኖ ይባክናል።

"ጨረስሽ?" አለኝ። ጨረስኩ።

"በይ እንግዲያው እራት አቅርቢ።"

ደሜ ፈላ። እራቱን አቀረብኩ፤ ሚጥሚጣውን ግን ደበቅኩበት።

ሮብ

አጥር ከሚያጥሩ ሰዎች ሁለት ቀርከሃ ለምኜ መጣሁ። ውስጣቸው እኩል የሰፋ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ስንዝር። አተር ከትቶ በአፍ መንፋት ነው፤ እስቲ የማን ሩቅ ይሄዳል። እማ ዳኛ ሆነች። እኔ ረጅሙን ያዝኩ፣ እሱ አጭሩን።

የሱ አተር የኔን አልፎ ሄደ። ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እስካሁን "መምህርት" እያለ ያሾፍብኛል። አፈርኩ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሐሙስ

ገባኝ። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው የገባኝ። ጋሼ ታከለ ሲተነፍስ ወናፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ሻማ ማጥፋት ያቅተኛል። ትንፋሹ ሁለት ዓይነት ከሆነ ቱቦና ቱቦ እንዴት ይወዳደራል? ተማሪዬ ቢሠራው ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ወደ ቤት ሮጥኩ። "ሁለቱንም አንተው ንፋ" አልኩት። ነፋ። የአጭሩ ጎመኑ መሃል ወደቀ፤ የረጅሙ ማዶ አጥሩን ጠው አደረገው። ደገመ። ያው ነው። "ረጅሙ" ብላ እማ ፈረደች። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እሱ ግን "አተር ጥይት አይደለም" ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ

በጠዋት ምንሽሩን ይዞ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልወረደልንም። እማ በአዊኛ እያጉረመረመች ደጁን ትመላለሳለች። እኔም ፈተና አርማለሁ ብዬ አንድ ወረቀት ሁለቴ አረምኩ።

ወደ ማታ መጣ። ከጋቢው በላይ የአፈሙዙን ጫፍ ከሩቅ አየሁት። ሙሉ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ብረት ሠሪው ዘንድ አንድ ሰው ያስቆረጠውን ሊወስድ መጥቶ ኖሯል። ልሞክረው ብሎ ከጓሮ ካለው አፈር ላይ ባዶ ጀሪካን አስቀምጦ ተኮሰ። "እሳቱ ይህን ያክላል" አለ ጋሼ ታከለ ክንዱን ዘርግቶ። ታስሮ የነበረ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ጠፋ፤ ሰውዬው ጆሮውን ይዞ ቀረ፤ ጥይቱ አፈሩን መታ እንጂ ጀሪካኑ ንክችም አላለ።

"ያኔ ያንቺ ነገር ትዝ አለኝ" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ከሱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ደስታዬን የት ላድርሰው?

እሑድ

ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ምንሽሩን ዘይት እየቀባ ጠራኝ። "እስኪ ያንን የባሩዱን ነገር ድገሚልኝ።"

ለካ ሁለቱ የጥበቃ ጓደኞቹም ሊያስቆርጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ነገ ሊያስረዳቸው ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩለት፤ በልጅነቱ ዳዊት ሲደግም እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።

"ካንቺ ሰማሁ አልልም" አለኝ በመጨረሻ። "ከራሴ እንዳፈለቅኩት አድርጌ ነው የምነግራቸው።"

"ንገራቸው" አልኩት። ይንገራቸው። እንዳያምታታባቸው ብቻ ነው የምፈራው።