ለበሽተኛው አይነገርም

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ሚሳኤል፣ እስቲ ስማኝ። እቴቴ ተሾመች ልታሳብደኝ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋህን ገፍታ በሩ አጠገብ አድርጋዋለች። "ከአሰብ በጨለማ ሲገባ ይደናቀፍበታል" አልኳት። አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

አውቃለሁ... አትመጣም። ቢሆንም አልጋው ቦታው ይመለስ።

አክስታችን እቴቴ ለለቅሶህ ከደብረ ብርሃን እንደመጣች ናት። አርባህ እስኪወጣ ብቻውን አይደር ተብሏል። እናትና አባት የለን፤ ያለኸኝ አንተ ነበርክ፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ አሳዳጊዬ ሆኗል። የሞትክበትንም ሁሉም ያውቃል! አንዷ "የአሰብ ሙቀት ነው" ትላለች። ሌላዋ "ዓይን ነው"። የዕድሩ ዳኛ "ሲጋራ" አሉ። አጭሰህ ታውቃለህ? "ልቡ ነው፣ የልብ ድካም ነው" ስላቸው፣ "የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ልቡ ይደክመዋል እንዴ?" ይሉኛል። ደከመዋ! ምን ልበላቸው?

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

የባዮሎጂ ፈተና። የኩላሊት ሥዕል መጣ። ክፍሎቹን ሰይም ይላል። ሰየምኩና ወረቀቱን ገልብጬ ተኛሁበት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

አጎታችን ጋሼ ቦጋለ መጡ። ስለ ሕመምህ ተነሳ። የዛሬ ሁለት ዓመት በአሰብ መንገድ ወባ ይዞህ፣ ኩላሊትህ ድንገት ሥራ አቁሞ፣ ከዚያ ድነህ ስትወጣ... "ነገ ልቡን ይጎዳዋል ብሎ አንድ ሰው እንኳ ቢነግረን" አልኩ።

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ዶክተሩማ ነግሮኝ ነበር።"

"ምን ብሎ?"

"ኩላሊቱ ተመልሷል፤ ግን እንዲህ ባንዴ የተጎዳ ኩላሊት ጠባሳ ሊቀርበት ይችላል። የደም ግፊት ያመጣል፣ ውሎ አድሮ ልብን ያደክማል። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ብቻ ግፊቱን ይለካ፣ ጨው ይቀንስ፣ አይጥፋብኝ አለኝ።"

"ለእሱስ ነገሩት?"

"ለበሽተኛ ይነገራል እንዴ፣ ልጄ? በስጋት ይሞትብኛል ብዬ ነዋ።"

በስጋት! እቴቴም "እውነታቸውን ነው" አለች። አንተ ቲማቲሙ ላይ ጨው ስትነሰንስ ጋሼ አጠገብህ ተቀምጠው ያዩ ነበር። እግርህ አብጦ "መኪና ላይ ቁጭ ብዬ ነው" ስትልም ሰምተዋል። ጮህኩ መሰለኝ። "ሰው ፊት አትጩህ" ተባልኩ። ሰው ፊት...

ከዚያ ኑረዲን ትዝ አለኝ። አንተ ረዳቱ የነበርክለት የጭነት መኪና ሾፌር። አብራችሁ በአንድ መኪና፣ በአንድ ሰሞን ወባ ያዛችሁ። የሱም ሽንት እንዳንተ ጠቁሮ፣ ኋላም ቆሞ ነበር። ለእሱስ ማን ነገረው?

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ላፍቶ ሄድኩ። ኑረዲን ጭነት ይዞ ወጥቷል። እናቱን እትዬ ሐሚዳን አገኘኋቸው። "ራሱን ያመዋል፤ የሠርግ ሐሳብ ነው" ይላሉ። ሐሳብ!... ዶክተሩ ያለውን ነገርኳቸው።

"ወንድምህን ቀብረህ ልጄን ልትቀብር መጣህ?"

ደነገጥኩ። እሳቸውም ደነገጡ። አቀፉኝ። "ረመዳን ሳይገባ ኒካው ይታሰራል። በሙሽሪቷ በእነዙሌካ ቤት በሽተኛ ነው ከተባለ አለቀ። በአላህ፣ ሠርጉ ይለፍ።"

"ሲያልፍ ይነግሩታል?"

"ሙሽራ ይሸበራል እንዴ!"

ብርቱካን ሰጥተው ሸኙኝ። ብርቱካን ምን ያደርግልኛል?

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ዛሬ ኑረዲን ራሱ መጣ። "ማናዬ፣ ሚዜዬ አንተ ነህ፣ በሚሳኤል ቦታ። ሱፍ አለህ ወይስ በዩኒፎርምህ ልትመጣ ነው?"

"አንተ ደግሞ የመኪና ቅባትህን አስለቅቅ፤ ሙሽሪት በግራሶ እጅ አትታቀፍም" አልኩት። ሳቀ። እቴቴ ከኋላው ቆማ ዓይኗን ታፈጥብኛለች፤ እትዬ ሐሚዳ መልእክት ልከውላታል መሰለኝ። አፌ ድረስ መጣ... ዋጥኩት።

ሲሄድ ከበሩ ሆኜ አየሁት። ያቺን ትንሽ ዳገት ሲወጣ ቆመ፣ ተነፈሰ፣ እንደገና ቆመ።

እኔም ጋሼ ቦጋለን ሆንኩ ማለት ነው?

ኅዳር 29፣ እሑድ

አርባህ ወጣ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። እቴቴም ነገ ትሄዳለች።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ሹራብ ልበስ የሚለኝ የለም። ሳልለብስ ወጣሁ፤ በረደኝ። ትምህርት ቤት ትቼ ላፍቶ ሄድኩ።

ኑረዲን መኪናውን እያጠበ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋሼ ቦጋለን፣ ዶክተሩን፣ ግፊቱን፣ ልቡን። እትዬ ሐሚዳ ከውስጥ "አንተ ልጅ!" ብለው ወጡ። አላቆምኩም።

መጀመሪያ ቀለደ። "ሚዜነቱን ካልፈለግህ አልፈልግም አትልም?"

"ዳገቷን ስትወጣ ሁለቴ ቆመህ አይቼሃለሁ" አልኩት።

"ሚሳኤል ይህን ሳያውቅ ነው የሄደው?"

"ሳያውቅ።"

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። እናቱ "ከሠርጉ በኋላ" ብለው ጀመሩ። "እማ፣ ሠርጉ የማን ነው?" አላቸውና ጋቢናውን ከፈተልኝ።

ጤና ጣቢያ። ነርሷ ግፊቱን በአንድ ክንዱ ለካች። ሌላኛውን ክንዱን ጠየቀችው። እንደገና ለካች። ኑረዲን ዓይን ዓይኗን ያያል። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ወንድሙ ነህ?"

"አዎ" አልኩ።

"እስቲ አንዴ ውጭ ላናግርህ።"

"ሲስተር፣ ለሱ ይንገሩት" አልኳትና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።