የአበልጄ አገር

ኅዳር 4፣ ጠዋት
የዘጠነኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። የደባርቅ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ እስክሪብቶው እንኳ አልጽፍ ብሏል። ር/መምህሩ ብቅ ብሎ ነበር። ሐሙስ በአዳራሹ ስብሰባ አለ። ጦርነቱ አልቋል፤ የተሸነፈው የወንዙ ማዶ አገር ወደ እኛ ይጠቃለል ወይስ ለብቻው ይቆይ የሚል ክርክር ነው። መምህራንን ወክዬ ይጠቃለል ብዬ እንድናገር ፈለገ። አፍ አለሽ አለኝ። እሺ አልኩ። ደስም አለኝ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
ንግግር ሳዘጋጅ ዋልኩ። የፈሰሰው ደም፣ የድሮው ወሰን፣ የጋራ ገበያ። አምሯል። እናቴ ከዳባት መጣች፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ስለ ለምለም ጠየቀችኝ። ለምለም የማዶ ሰው ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ አበልጄ። ባሏ በጦርነቱ ሞቷል። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህም ለቅሶ አልደረስኳትም። ፈተና ነው፣ መኪና የለም እላለሁ። እናቴ የአበልጅ ለቅሶም ይቀራል ወይ ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ተናደድኩ። እኔ ስለ አገር ሳወራ እሷ ለቅሶ ታመጣብኛለች።

ኅዳር 7፣ አመሻሽ
ተናገርኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አንድ ቄስ ብቻ ተነሥተው፣ የማዶዎቹ ራሳቸው ይጠየቁ እንጂ አሉ። አንድ ወጣት ሹም ተሸናፊ አይጠየቅም ብሎ መለሰላቸው። ለእሱም አጨበጨብኩ። ማክሰኞ የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ኩራቴ ለጉድ ነው።

ኅዳር 11፣ ጠዋት
ለምለም ደወለች። ንግግሬ በስልክ ተቀርጾ ማዶ ደርሷል። ስድብ ጠበቅሁ። አልተሳደበችም። ስለ ልጄ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሁሉም በየተራ ጠየቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣
«አበልጄ፣ እሱ ከሞተ ጀምሮ ድምፅሽን ስጠብቅ ነበር። አሁን ሰማሁት» አለችኝ።
ጆሮዬ ላይ ዘጋችው እንዳልል ደህና ዋይ ብላኛለች። አፈርኩ። አለቀስኩ። ክፍልም አልገባሁ።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት
ር/መምህሩን ሌላ አንባቢ ፈልግ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ፈራሽ እንዴ አለኝ። ሐሳቤን አልቀየርኩም አልኩት፤ መቀየር አለመቀየሬን ግን ራሴም አላውቅ። ቤት ገብቼ ጥቁር ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁ። እናቴ አብራኝ ትሄዳለች። ነገ በማለዳው መኪና ነው። እነሱ ያንብቡ። ለምለም ከበር ብትመልሰኝ እዚያው በሯ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። አስገብታኝ ስለ አገሯ ከጠየቀችኝ ግን…