ዕድሜዬን የመሰከሩልኝ ታላቅ ወንድሜ

ይድረስ ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሉ፣ ድሬዳዋ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ያ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎን እትዬ ሸዋረገጥን ወገባቸው ተሻላቸው ወይ? ዓምደሚካኤልስ ሥራውን ለመደው? እኔ፣ ባለቤቴ ወይንሸትና ልጆቻችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ዝናቡ የጓሮውን አጥር ጥሎብናል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ደኅና ነው የምለው ለወጉ ነው፤ እኔስ ደኅና አይደለሁም፤ ከእርስዎ መደበቁም ሰልችቶኛል።

ጡረታ መውጣቴን ጽፌልዎታለሁ፤ እንዴት እንደሸኙኝ ግን አልነገርኩዎትም። ሰኔ መጨረሻ ላይ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡንና አንድ ጋቢና አንድ ከዘራ ሸለሙኝ። ከዘራ! በዚያው ሳምንት የቡና ጆንያ በትከሻዬ ከመኪና ያወረድኩ ሰው ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ቡና ስመረምር ኖሬ፣ እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ብቻ እርጥቡን ከደረቁ ለይቼ የማውቅበት ደረጃ የደረስኩት ገና አሁን ነው። አንዱ ጓድ ተነሥቶ ዕረፍት የሠራተኛው መብት ነው ብሎ አስጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ። ቀበሌ ስብሰባ ስሄድ ደግሞ ከአረጋውያን ጋር ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል። ግራና ቀኜ ጥርስ የሌላቸው አባቶች ናቸው።

አባታችን መቼ እንዳረጁ ያስታውሳሉ? ሰርቦ ላይ የመጋዘን በር ሲሠሩ ኖረው፣ መጋዝ መሳብ ሲያቅታቸው በገዛ እጃቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና ይፈለጉ ነበር እንጂ ማንም ጊዜዎ አልፏል አላላቸውም። እዚህ ጅማ መርካቶ ያሉት ልብስ ሰፊው ሐጂ ሸምሰዲንም ሰባ ካለፋቸው ቆይተዋል። ባለፈው ሱሪ ላስጠብብ ሄጄ ጡረታ መውጣቴን ብነግራቸው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሳቁብኝ። «ማሎ ከፈለ! እኔን ከአላህ በቀር ማን ጡረታ ያወጣኛል? ወላሂ፣ ክሩ በመርፌዋ ካለፈልኝ ጎረምሳ ነኝ» አሉኝ። የእኔ እርጅና ግን ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ መጣልኝ።

ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው። ይህን ከእርስዎ አብልጦ የሚያውቅ ሰው የለም። አባታችን በሞቱ በወሩ፣ በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከሰባተኛ ክፍል አስወጥተው፣ ኮትዎን አልብሰው ወደዚያ መሥሪያ ቤት የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጸሐፊው ሲጠይቅ ሃያ ሦስት ሞልቶታል ብለው ፈረሙልኝ። እርስዎ ደግሞ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሲመዘገቡ ከሃያ አራቱ ላይ ስድስት ቀንሰው አሥራ ስምንት አስባሉት። ያን ጊዜ ሁለታችንም ስቀንበታል። ቤታችን እንዳይዘጋ፣ እርስዎም እንዲማሩ ነበርና አልተቀየምኩም። ዛሬ በወረቀት እኔ ሃምሳ አምስት ሞልቶኝ ውጣ ተባልኩ፤ እርስዎ ሃምሳ ሆነው ወንበርዎ ላይ ተቀምጠዋል።

ዕድሜዬ ይታረምልኝ ብዬ ሳመለክት የለመንኩዎት አንዲት ወረቀት ነበረች። ታናሼ ነው፣ ያን ጊዜ የሰጠሁት ቃል ልክ አልነበረም የምትል፣ ሌላ ምንም። ከፍልሰታ በፊት የላኩልኝን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ዕረፍት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ የልጅ ልጅ እያጫወትክ ተቀመጥ፣ የእኔን ስም ግን እንዳታነሳ፣ የእኔም ዕድሜ ይመረመራል ይላል። የልጅ ልጅ የለኝም ጋሼ። ትንሿ ልጄ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ይህንንም ረሱት? እውነቱን ልንገርዎት፣ አዝኜብዎታለሁ። እርስዎ የጫኑብኝን ዓመት ያለ አንድ ቃል ተሸክሜ ኖርኩ፤ እርስዎ ግን አንዲት ወረቀት ነሱኝ።

ትናንት ማክሰኞ ማመልከቻዬን የሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው የድሮውን ቅጽ ከመዝገብ አወጡ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የእርስዎ ፊርማ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ዕድሜዎን የመሰከሩት ታላቅ ወንድምዎ የት ናቸው? እሳቸው ቃላቸውን ካረሙ ጉዳይዎ እዚሁ ያልቃል» አሉኝ። ሊረዱኝ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። የመሥሪያ ቤትዎ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እትዬ ሸዋረገጥ ታወሱኝ፤ እርስዎም ከዘራ ይዘው ታዩኝ። ሞተዋል አልኳቸው። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀምጠው ነፍስ ይማር አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ። ማመልከቻዬንም በዚያው ዘጉት።

ለእትዬ ሸዋረገጥ እጅ እነሳለሁ። ዓምደሚካኤልን ይሳሙልኝ። ለጎረቤትዎ ለአቶ አብተውም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ልጆቹ ጉልበትዎን ስመዋል። ወይንሸት ስለ ትናንቱ ምንም አልሰማችም፤ እንደ ወትሮው ለመስቀል ይመጣሉ ብላ የሚያድሩበትን ክፍል ኖራ እያስቀባች ነው። የኮሚቴው ሰዎች ግን እዚሁ ቀበሌያችን ውስጥ ነው የሚኖሩት። እባክዎ ጋሼ፣ አይምጡ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከፈለ

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
ነሐሴ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.