ካርታ ላይ ስለሌለው የኢርማ ቤት ለካላ ሚርታ ከንቲባ የቀረበ የአደባባይ ምስጋና

ለክቡር ዶን ሊሳርዶ ኦልሞ
የካላ ሚርታ ከተማ ከንቲባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ባለፈው የጀልባዎች በዓል ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ ነፋስ ለመታው ጉሮሮዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ባሲሊዮ ካንቴሮ እባላለሁ፤ በዚህች ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ሳደርስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ የራሴን አንድ እንኳ ስላልጻፍኩ፣ ቢረዝምብዎ በተለመደው ትዕግሥትዎ እንዲያልፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈውም ለምስጋና እንጂ ለወቀሳ አይደለም። ምስጋና ደግሞ ተደብቆ አያምርምና ቅጂውን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ጎረቤት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አማችዎ ዶን ፋብሪሲዮ ከቤቴ በላይ፣ ከለውዝ ዛፎቹ ጀርባ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ነጭ ቤት ሠርተው ለሁለት የፊንላንድ ሰዎች ሸጡ። ባልየው ታውኖ ሄልሲንኪ ውስጥ የትራም፣ ማለትም የከተማ ባቡር፣ ሹፌር የነበረ፣ ሚስቱ ኢርማ ደግሞ አዋላጅ የነበረች፣ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን በረዶ ሲጠርጉ ኖረው ቀሪ ዘመናቸውን ፀሐይ ላይ ለመቀመጥ የቆረጡ ሰዎች ነበሩ። ቁልፉን ያስረከቧቸው ክቡርነትዎ ነዎት። የግንባታ ፈቃዱ ላይ የሰፈረው ፊርማም የእርስዎ ነው፤ ፊርማዎን በሺህ ፖስታ ላይ ስላየሁት አልስተውም። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ በወጣው ፎቶ ታውኖን አቅፈው «ከዛሬ ጀምሮ የካላ ሚርታ ልጅ ነህ» ማለትዎ ተጽፎ ነበር። እሱም ቋንቋውን ስለማያውቅ አመነ።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሱ የከተማ ካርታ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ያለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ለኢርማና ለታውኖ «ሕገ ወጥ ግንባታ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ኢርማ ስፓኒሽዋ ገበያ ላይ ቲማቲም ለመምረጥ እንጂ ከመሥሪያ ቤት ጋር ለመከራከር ስለማይበቃ ተከትያት ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ያገኘነው ጸሐፊዎ ኤሎይ ጨዋ ልጅ ነው፤ ካርታውን ዘርግቶ በእርሳሱ ጫፍ እያሳየ ለውዙ እንዳለ፣ የእኔም ቤት እንዳለ፣ የኢርማ ቤት የቆመበት ቦታ ግን ባዶ ሜዳ እንደሆነ በአክብሮት አስረዳን።

«እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ወለሉን ጠርጌ ነው የመጣሁት» አለችው ኢርማ።

«እንግዲያው እማማ፣ የጠረጉት ሜዳ ነው።»

ከኤሎይ ጀርባ ግድግዳው ላይ ለውጭ አገር ገዢዎች የታተመው ትልቁ የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር። «በፀሐይ ዳርቻ የራስዎ ቤት» ይላል። ፎቶው የኢርማ በረንዳ ነው። የታውኖ ገለባ ባርኔጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ኢርማ በጣቷ አመለከተችው። ኤሎይ ዞር ብሎ አየ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ እንደገና አየና ማስታወቂያው የቱሪዝም ክፍል እንጂ የእሱ ክፍል ሥራ አለመሆኑን ነገረን። በየዓመቱ ስለሚከፍሉት የቤት ግብር ስጠይቀው ደግሞ ግብር ሁለተኛ ፎቅ እንደሆነና እዚያ ቤቱ እንዳለ አረጋገጠልኝ። እኛ ተራ ሰዎች ላም አለኝ በሰማይ እያልን እንቀልድ ነበር፤ ላሚቱ ምድር ላይ ቆማ፣ ወተቷም ታልቦ ሲያበቃ፣ ላም የለችም ሲባል ግን በክቡርነትዎ ዘመን ገና መስማቴ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ውኃው። ለሌለ ቤት ውኃ መስጠት የሕዝብ ሀብት ማባከን ነው ብለው በነሐሴ፣ ድንጋይ በሚሰነጠቅበት ሙቀት፣ መስመሩን ማስቆረጥዎ የአስተዳደር ጥንቃቄ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ይህን ጥንቃቄ ባለማወቅ ከወጥ ቤቴ ቧንቧ የአትክልት ጎማ ቀጥዬ በለውዙ መሐል ሽቅብ ዘረጋሁላቸው። ታውኖ ጠዋት ጠዋት በላይኛው ጫፍ ቆሞ ባልዲ ይዞ ይጮሃል፤ እኔ ከታች እከፍታለሁ፤ ሲሞላ እንደ ትራም ደወል ባልዲውን ይመታል። ይህ ብቻ ነበር የጋራ ቋንቋችን። ፖሊሶችዎ በሦስተኛው ሳምንት መጥተው «ወደሌለ ግንባታ ውኃ አሳልፈሃል» ብለው ቀጡኝ፤ ጎማውን ግን አላነሣሁትም። ቅጣቱን በመስታወት አስገብቼ ሳሎኔ ሰቅዬዋለሁ። በሕይወቴ የተሰጠኝ ብቸኛ የምስክር ወረቀት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር መስጠቴን ላቋርጥ። የሚቀጥለው በቁጥር አይገባልኝም።

ታውኖ በጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አልጋው ላይ እንዳለ በልብ ሕመም ሞተ። ባልዲው ሳይጮህ ሲቀር ሽቅብ ወጣሁ። ኢርማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛ ነበር፤ አላለቀሰችም፤ መስኮቱን ክፈትልኝ ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ሞቱን ለማስመዝገብ ወረድን። ኤሎይ ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ «የሞተበት ቦታ» ከሚለው ሲደርስ ቆመ። ኮምፒውተሩ የሌለ አድራሻ አይቀበልም። ብዙ ሞከረ፤ ልጁን አልወቅሰውም። በመጨረሻ ማሽኑ የተቀበለውን ጻፈና ወረቀቱን ማኅተም መትቶ ሰጠን። «ሜዳ ላይ» ይላል።

ኢርማ ቃሉን በጽሑፍ ስታየው አላወቀችውም። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ ከተማ ፖስታ ላይ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ሁሉ አንብቤ የሰው መልእክት አዛብቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን «ኮረብታው ላይ ማለት ነው» ብዬ ዋሸኋት። ከሳምንት በኋላ መዝገበ ቃላት ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች። አልተቆጣችም።

«ባሲሊዮ፣ ታውኖ ሜዳ ላይ አልሞተም። ውሻ ነው ሜዳ ላይ የሚሞተው» አለችኝ።

ልጆቿ ሸጠሽ ነይ እያሉ ይደውሉላት ነበር፤ የሌለ ቤት ማን ይገዛል? እሷም ብትሆን ያ ወረቀት ሳይታረም ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብላ ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በመጋቢት ማፍረሻ መኪና ላኩልን። ወሬው ቀድሞ ስለደረሰ ከተማው በሙሉ ወንበሩን ይዞ ወጣ፤ ሰርዲን ተጠበሰ፤ ጸጉር ቆራጩ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ኢርማ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በሯ ላይ ቆመች። ሹፌሩ ኦኖፍሬ የሚባል ከጎረቤት መንደር የመጣ ወፍራም ሰው ነው። ሞተሩን እንደከፈተ ትእዛዙን አወጣ፣ ገለበጠው፣ ደግሞ ገለበጠው። አድራሻ በሚለው ቦታ ላይ «የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማው ብሎ ይሁን ጆሮው ከብዶት አላውቅም፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ነበር የያዘው። ከወዲያ ያለው ሰውዬ ከለውዙ በላይ ያለውን ቤት አፍርስ አለው።

«ጌታዬ፣ ከለውዙ በላይ ሦስት ቤት አለ» አለ ኦኖፍሬ ረጋ ብሎ። «ትልቁ የከንቲባው አማች ቤት ነው ይሉኛል። ቁጥር ሳይሰጡኝ ተሳስቼ የሳቸውን ብንድ ማን ነው የሚጠየቀው?»

ከወዲያ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ሰውዬው «እስኪ ጠብቅ» አለ። ኦኖፍሬ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለኢርማ ሰላምታ ሰጠ። እሷም ወንበር አወጣችለት። እስከ ምሳ ጠበቀ፤ ሰርዲንም በላ፤ የተባለው ቁጥር ግን አልመጣም። እኛም ያን ቀን ነው ነገሩ የገባን፤ ቤቱን ለማፍረስ በቅድሚያ ቤቱ መኖር አለበት።

ክቡርነትዎም ይህን በግንቦት ተረድተው ቀያሽ ላኩ፣ አስለኩት፣ መዝገብ ላይ አሰፈሩት፤ የለውዝ መንገድ ቁጥር ዘጠኝ ብለውም ስም አወጡለት። እጅዎን ይባርከው። ማኅተሙ ሳይደርቅ የእህቴ ልጅ ካሲልዳ፣ ጠበቃ ናት፣ የምዝገባውን ወረቀትና የእርስዎን የድሮ ፈቃድ ይዛ ዳኛው ፊት ቀረበች። ዳኛው ሁለቱን ፊርማ ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። በቅን ልቦና የተገዛ ቤት ገዢው ሳይካስ አይፈርስም አሉ፤ የሚክሰውም የፈቀደውና የሸጠው ነው ብለው አከሉ። ከዚያ ወዲህ ማፍረሻ መኪናዎን ያየ ሰው የለም። ውኃውም በሰኔ ተመለሰ።

ካሲልዳ አሁኑኑ ካሳ እንጠይቅ ብትላት ኢርማ እሺ አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው። ወደዚያው መስኮት ሄድን። አሮጌውን ወረቀት ለኤሎይ ዘረጋችለት። ልጁ አነበበው፤ ፊቱ ቀላ። አዲሱን አድራሻ ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለው። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ፤ ወረቀቱንም በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አላት።

እዚያው ወረፋው መሐል ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «በለውዝ መንገድ ቁጥር ዘጠኝ፣ በገዛ ቤቱ።» ስፓኒሽዋ ዛሬም እንደተሰባበረ ነው፤ ያልሰማት ሰው ግን አልነበረም። ከወረፋው ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግርዎ ብዬ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የሰውን ቤት በአንድ እስክሪብቶ ከምድር አጥፍተው፣ በዚያው እስክሪብቶ ወደ ምድር የመመለስ ችሎታ ስላለዎት፣ ከቅዱሳን ሌላ ይህን የሚያደርግ ባለማየቴ፣ እርስዎን በከንቲባነት ብቻ መያዛችን ስጦታዎን ማባከን መሰለኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ከዚህ ድካም እንድናሳርፍዎ ጎረቤቶቼን ደጅ ለደጅ እያስተባበርኩ እገኛለሁ።

የደጃፍዎን ደረጃ በዝናብም በፀሐይም የወጣሁ፣ መልካም ዜናም ሆነ ክፉ ሳልከፍት ያደረስኩልዎ፣ ዛሬም በፍጹም አክብሮት ባርኔጣዬን የማነሣልዎ፣

ባሲሊዮ ካንቴሮ
ጡረተኛ ፖስተኛ፣ የለውዝ መንገድ ቁጥር ሰባት

የተረሳ ነገር፦ የላኩት ቀያሽ መሣሪያውን ተሸክሞ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ አንድ ቤት ብቻ ለክቶ መመለስ ስለከበደው፣ ቁልቁል ወርዶ የባሕሩን ዳርቻም ለክቷል። ክቡርነትዎ እሁድ እሁድ ምሳ የሚበሉበት ሰገነት አራት ሜትር ያህሉ በሕዝብ አሸዋ ላይ የቆመ ሲሆን ካርታ ላይም አይገኝም። ከእንግዲህ ምሳዎን የሚበሉት የት እንደሆነ ለመናገር አልደፍርም። ልኬቱን ግን ለባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች በአደራ ደብዳቤ ልኬላቸዋለሁ፤ የፈረሙበት ደረሰኝም ተመልሶልኛል።