በፊልምሽ ላይ አንዲት እርማት

ነፋስ ስልክ፣ ሰኞ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የሐዋሳ ሙቀት በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ያ የጥንቱ ራስ ምታትሽ እንዳይነሳብሽ አሰብኩ። ውኃ ጠጪ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጣሪያው በማድ ቤት በኩል ያፈስ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ አሠራሁት። ጎረቤቴ ለሊሴ፣ ያቺ ላሞቿን ሸጣ ሳትጨርስ ላፍቶ ፎቅ የሆነባት ወተት ሻጭ፣ ሰላም በዪልኝ ብላለች።

«እቴቴ፣ ካሜራ ፊት ትቀመጪልኛለሽ?» ብለሽ የላክሽብኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ድምፄን አላመንኩትም። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ፊልምሽን እንዴት እንዳየሁት ላውራሽ። እስካሁን ስለ እሱ አንድ ቃል ስላላልኩሽ ሳይከፋሽ አይቀርም።

ፌስቲቫሉ በኢንተርኔት ነው ስትዪኝ አልገባኝም ነበር። እኔ ፌስቲቫል ሲባል ድንኳን፣ ወንበርና ግፊያ ነው የሚታየኝ። ለሊሴን ባማክራት «ልጄ ኮርሳ ላፕቶፕ አለው፣ እኔ ቤት እናየዋለን» አለችኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሐበሻ ቀሚሴን እንደለበስኩ ሄድኩ። ለሊሴ ከበር ጀምራ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የኔ ሳሎን ሠርግ አለ መሰለሽ እንዴ?» እያለች ሳቀችብኝ። ሰው ሊያየን አይደለም ወይ ብላት፣ «ማን ያየናል? እኛ ነን እንጂ የምናያቸው» አለች። ኮርሳ መስመሩን ከፍቶልን፣ «ምንም ነገር እንዳትነኩ» ብሎ ወደ ሥራው ከወጣ በኋላ፣ በላፕቶፑ መስተዋት ላይ ከተደረደሩት ትናንሽ ሳጥኖች ባንዱ ውስጥ ራሳችንን አየነው። ለሊሴ ሻሿን ፍለጋ ስትሮጥ ብታያት!

የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ አንቺም እዚያው ነበርሽ። ግን ለምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ። አቅራቢዋ ልጅ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ያ ሁሉ ሰው በየሳጥኑ ተቀምጦ ጸጥ አለ። አንድ የሚመልስላት የለም። ሰላም ላለ ሰው ዝም ይባላል? አዘንኩላት። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ዋላችሁ ወይ ልጆቼ» አልኩ። ሳጥኑ ሁሉ በሳቅ ሲናወጥ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም። አቅራቢዋ እጅ ነሥታ፣ «እናታችን እናመሰግናለን፤ አሁን እባክዎ ማይክዎን ይዝጉልን» አለችኝ። ለሊሴ «ቆይ እኔ» ብላ በጣቷ ነካ ስታደርገው መልካችን ጠፋ። «ይኸው ዘጋሁት» አለች፣ እንደ ባለሙያ። የዘጋችው ፊታችንን ብቻ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

ልጄ፣ እኔ ፊልም አላውቅም። የማውቀው ማንበብ ነው፤ እሱንም የለመድኩት ባንቺ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። አንቺ ደብተርሽን ጥለሽ ጋሽ መኩሪያ ቪዲዮ ቤት ትሄጂ ነበር፤ ሳንቲም እየከፈላችሁ፣ አግዳሚው ላይ ተጣብባችሁ የሰው አገር ፊልም ስታዩ፣ እኔ እቤት ቁጭ ብዬ ያንቺን ትምህርት እማር ነበር። ስለዚህ ፊልምሽን እንደ መጽሐፍ ነው ያየሁት፤ መልካም መጽሐፍ ደግሞ ሲያጋጥመኝ አውቀዋለሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የለም፣ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። አንቺ ግን ፎቁ በር ላይ አንድ የተዋስሽውን አግዳሚ አስቀምጠሽ የዚያን ጊዜ ልጆችን ጠራሽ። አንዷ ነርስ ሆናለች፣ አንዱ ሚኒባስ ይነዳል፣ አንዱ ራሰ በራ ሆኗል። «ተነሺ፣ ያ የኔ ቦታ ነው!» «አንተ መቼ ከፍለህ ገብተህ ታውቃለህ፣ በቀዳዳ አይደል ስታይ የኖርከው?» እየተባባሉ ሲጋፉ፣ ዕድሜያቸው ከላያቸው ሲወርድ አየሁ። ያን ቤት በግድግዳና በጣሪያ ብትሠሪው ኖሮ እንዲህ አላየውም ነበር። ደግሞ ጋሽ መኩሪያ የቪዲዮ ማጫወቻውን ሆድ ከፍቶ በአልኮል ሲያጸዳ ካሜራሽን እጁ ላይ ያቆየሽው! ሕፃን የሚያጥብ ነበር የሚመስለው። ለሊሴ እንኳ፣ እሷ ለምንም የማትደነቅ፣ «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» አለች። ወዲያው ደግሞ ጮክ ብላ፣ «መኩሪያ ግን እንዴት ወፈረ! የቪዲዮ ቤቱን ወንበር ሁሉ በልቶታል እንዴ?» አለች።

ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ቤቱ ስለተዘጋበት ቀን ማውራት ጀመረ። ቴሌቪዥኑን በሕዝብ ፊት ተሸክመው ሲወስዱበት፣ «ለሕፃናት ነውረኛ ፊልም ያሳያል» ተብሎ ሲታሠር፣ ከተፈታም በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ መንገድ ሲሻገሩበት። ይህን ብሎ አቀረቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይቆርጠው ነበር። አንቺ ጠበቅሽው። ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በእጁ ሲጠርግ አንቺ አልቸኮልሽም። ሰውን እንዲህ አድርጎ መጠበቅ ከማን እንደተማርሽ አላውቅም፤ ከኔ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ደብዳቤ ጻፉብኝ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጣላውም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው» አለ።

እኔም «የለም፣ አልተጻፈም» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው። ለሊሴ ዞራ፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ፊልሙ አልቆ ጥያቄና መልሱ ሲመጣ፣ ያ የድሬዳዋው ሰውዬ «ከበስተጀርባ የሚሰሙት የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ለፊልሙ ነፍስ ሰጠው፣ በተለይ ‹ወፈረ› የምትለዋ» ብሎ ሲያመሰግንሽ፣ ለሊሴ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሶፋው ላይ ተደፋች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ቀጥላ አንዲት ልጅ፣ «‹አልተጻፈም› ያለችውስ ማን ናት? ለምን ፊቷን አላሳየሽንም?» ብላ ጠየቀችሽ። ጋሽ መኩሪያ ኮቱን ለብሶ ከሀና ማርያም ቤቱ በራሱ ሳጥን ውስጥ ነበር። ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ሲመለከት አየሁት። የኛ ሳጥን ጥቁር ነበር። አንቺ መነጽርሽን አውልቀሽ ጠረግሽና፣ «እሷን ገና አልቀረጽኳትም» አልሽ።

ልጄ፣ ድምፄን እንዳወቅሽው ያን ጊዜ ገባኝ። ማታውኑ መልእክትሽ ደረሰኝ። ምን ማለትሽ ነው ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ካሜራ ፊት ትቀመጪልኛለሽ ወይ ብቻ ነው ያልሽው።

እንግዲህ በፊልምሽ ላይ ያለኝ እርማት ይህችው ናት። የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም። የሄደችው ሴት ያን ጊዜ ገና ከፊደል ጋር የምትታገል ነበረች፤ ደብዳቤ ከየት ታመጣለች? በቃል ነው የተነገረው። ነጠላዋን ተከናንባ ቀበሌ የሄደችው የምታሳድጋት ልጅ ከትምህርት ቤት እየቀረች ስላስቸገረቻት ነው። ባሏም፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ልጅቷን ካልመለስሽ ሁለታችሁንም አላውቅም» ብሏት ነበር። ልጅቷን መልሱልኝ ለማለት ነበር የሄደችው። «ምን ዓይነት ፊልም ነው የሚያሳያቸው?» ብለው ሲጠይቋት፣ ገብቼ አላየሁም ማለት አሳፈራት። በየደጁ የሰማችውን ሐሜት እንዳየች አድርጋ ተናገረች። ሰውየው ይታሠራል ብላ አላሰበችም። ከታሠረ በኋላ ግን ተመልሳ ሄዳ አላየሁም ማለት ትችል ነበር፤ አልሄደችም። ልጅቷም በዓመቱ ወደ አባቷ ዘመዶች ሐዋሳ ሄደች።

ይህን ጽፌ ዛሬ ልልከው ነበር። ግን አንድ ሰው ከአንቺም በፊት መስማት ያለበት መሰለኝ። ይቆየኝ።

ሐሙስ

ሀና ማርያም ሄጄ መጣሁ።

ጋሽ መኩሪያ በሩ ላይ የሰው ቴሌቪዥን ፈታትቶ ይጠግን ነበር። ሲያየኝ ተነሣ፤ ደስታዬን ልገልጽለት የመጣሁ መስሎት፣ «አየሽኝ አይደል? ኮቱን አየሽው? ሱቅ ስወጣ እንኳ ‹ጋሽ መኩሪያ አየንህ› እያሉኝ መራመድ አቃተኝ» እያለ ወደ ውስጥ አስገባኝ። እንዲህ ደስ ብሎት ሳገኘው ልመለስ ፈልጌ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። ምን እንዳልኩት አልደግምልሽም።

ወደ ግቢው ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «ፀሐይወርቅ እስክትሞት ድረስ ትጠይቀኝ ነበር» አለ፤ ሚስቱን ነው። «‹መኩሪያ፣ ያን ፊልም አሳይተሃቸው ነበር? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም› ትለኝ ነበር። አልጋ ላይ ሆና እንኳ።» እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል፣ «ተይ» ብሎ ፈቀቅ አለ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። እኔም በለኝ ብዬ አልለመንኩትም።

ወጥቼ ልሄድ ስል ጠራኝ። ዕቃ የተቆለለበትን ወንበር አራገፈና መስኮቱ ሥር ጎተተው። «ልጅቷ ስትመጣ እዚህ ነው የምትቀመጪው። እኔንም እዚሁ ነው ያስቀመጠችኝ፤ ብርሃኑ ፊት ላይ ይወድቃል» አለ። «አሁን ያልሽኝን በሙሉ ትያለሽ። ሳትቀንሺ።»

ስለዚህ መልሴ ይኸው ነው፤ ካሜራሽን ይዘሽ ነዪ። ቤት አልጋሽን አንጥፌዋለሁ። ሰምተሽ ስትጨርሺ እኔ ዘንድ ማደሩን ካልወደድሽው ለሊሴ ቤት ክፍል አለ፤ አልቀየምሽም።

እግዚአብሔር ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። እጅሽን አያዝለው። የደከምሽበትን ሥራ ለብዙ ሰው ያድርስልሽ፣ መንገድሽን የሰላም ያድርግልሽ። ሰው ስትጠብቂ እንዳየሁሽ፣ አንቺንም በክፉ ቀንሽ የሚጠብቅሽ ሰው አያሳጣሽ።

አሁንም እንዲህ ብለሽ የምትጠሪኝ ከሆነ፣

እቴቴ