ሰው ከሆነ በስኪ ይመጣል

ጃንዋሪ 9

ይህን የምትጽፈው ቱርብዮርግ ናት፤ ክፍል ያከራየችኝ ሴትዮ። እጁ የሷ፣ ቃሉ የኔ። እኔ ኤይለርት ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓሣ በፊደል አይያዝም። ድሮ ማታ ማታ እኔ ስናገር የምትጽፍልኝ ሚስቴ ማግንሂልድ ነበረች... ነፋሱን፣ ዓሣውን፣ ማን እንደሞተ። አሁን የኔንም ስም ረስታዋለች። ሐኪሙ ያደገችበት አገር ይሻላታል ቢል ደሴቴን ጥዬ ወደ እሷ ሸለቆ መጣን። እሷ አረጋውያን ቤት፣ እኔ እዚህ።

ዛሬም በአውቶቡስ ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በረዶው ላይ ያለውን የስኪ መንገድ፣ እግር ላይ በታሰረ ረጅም እንጨት የሚንሸራተቱበትን፣ ታያለች። ዞርም አላለችልኝ።

«ባልሽ መጥቷል እኮ» አለቻት ነርሷ።

«እሱ? እሱ እንጨት የሚያመጣው ሰውዬ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ሰው ከሆነ በስኪ ይመጣል።»

ብርድ። ነፋስ የለም። እዚህ አገር ነፋስ እንኳ የለም።

ጃንዋሪ 10

አልሄድኩም። ምን ልሁን ብዬ?

ጃንዋሪ 13

ቱርብዮርግ የመንደሩን ልጆች ሁሉ ስኪ ያስተማረች ናት። «አስተምሪኝ» አልኳት።

«አንተን? በዚህ ዕድሜህ? አጥንትህን ማን ሊለቅም?»

«ማዕበል ላይ ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጠፍጣፋ በረዶ ላይ ልወድቅ?»

ሳቀች። ትሳቅ። መሳቋንም ጻፊ።

የማግንሂልድን የድሮ የእንጨት ስኪ ከደሴቱ ይዤ መጥቻለሁ። በሱ ልማር አልኩ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አስቀምጣው፣ ላዩ ላይ አቆመችኝና ከመሃሉ ሥር ወረቀት ሰደደች። ስትስበው ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

«አየህ? ስኪ መሃሉ ከፍ ማለት አለበት። በሁለት እግር ስትቆም ወረቀቱ ይወጣል፣ በአንድ እግር ስትጫነው ይያዛል። ይሄ የሷን ክብደት ነው የሚያውቀው። አንተ ኮርማ ነህ።»

የሟች ባሏን ስኪ ሰጠችኝ። ቆምኩ፤ ወረቀቱ ወጣ። አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ተያዘ። የማግንሂልድን መልሼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ጃንዋሪ 15

በሁለት እጄ የምደገፍባቸውን ዘንጎች ቀማችኝ። መጀመሪያ ያለ ዘንግ ነው አለች። ጫማው ቀላል፣ የሚታሰረው ጣቱ ላይ ብቻ።

«ተረከዜን እሰሪው እንጂ!»

«ተረከዝህ ካልተነሣ በምንህ ትራመዳለህ?»

ወደቅሁ። ተነሣሁ። ደግሞ ወደቅሁ። ማሽን ለስኪ ብሎ በረዶው ላይ የቀደደውን ሁለት ቦይ በጫማዬ ብረግጠው አንዲት የማላውቃት አሮጊት እያለፈች «ቦዩን አታበላሽ፣ አንተ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከኔ ትበልጣለች። አካሄዷ ግን የወፍ... ተናደድኩ።

ጃንዋሪ 18

ለብቻዬ ብልሃት አገኘሁ ብዬ... እኛ ጀልባ ወደ ባሕር ስናወርድ የምትንሸራተትበትን እንጨት ሞራ እንቀባዋለን። ስኪውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በበግ ሞራ ለቀለቅሁት። ግቢው ዳገት ላይ አንድ እግሬን ባነሣ ሌላው ወደ ኋላ ሄደ። እኔም አብሬው። የቆምኩት የማገዶ ክምሩ ውስጥ ነው።

«ሰውዬ፣ ጀልባ መሰለህ?»

«መንሸራተት አይደል እንዴ ሥራው?»

«መሃሉ በረዶውን ሲይዝልህ ነው ወደፊት የምትሄደው!»

ሞራውን ፍቃ ፍቃ መሃሉን ብቻ ሰም ቀባችው። ሰሙ እንደ ብርዱ ቀለሙ ይለያያል። የዛሬው ሰማያዊ።

ጃንዋሪ 26

ሳልወድቅ እስከ ድልድዩ። ግን ደስ አላለኝም። ባሕሩ ናፈቀኝ። እዚህ ምንም ምንም አይሸትም።

ደሴቴ ላይ በረዶ አያድርም፤ ዝናብ ያጥበዋል። ማግንሂልድ ግን በየክረምቱ ስኪዋን ከጀልባው ቤት ታወርድና ቅጥራን ቀብታ መልሳ ትሰቅለው ነበር። «ለምን?» ስላት «እንዳይደርቅ» ትለኛለች። ስለ እንጨቱ መስሎኝ...

ፌብሩዋሪ 3

በአውቶቡስ አልሄድም ብያለሁ። ዛሬም አላየኋት። ትበላ ይሆን?

ፌብሩዋሪ 11

ቅዳሜ። ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ ቱርብዮርግ።

«ከኋላዬ እንዳትመጪ» ብያት በወንዙ ዳር ብቻዬን ሄድኩ። ዘለግ ያለ መንገድ ነው። ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ። የማግንሂልድ መስኮት ፊት ለፊት ዘንጌን ላነሣላት ስል... ተዘረጋሁ።

መስኮቱ ተደበደበ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። በነጠላ ጫማ ወጣች፤ ነርሷ ካፖርት ይዛ ከኋላዋ ትሮጣለች።

«ጉልበትህን እጠፍ! ምሰሶ ይመስል ተገትረህ!»

ለኔ ነው። ዓይኔን እያየች።

«የማን ልጅ ነህ?»

ባልሽ ነኝ ልላት ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት እሱን ነው። «የኮንራድ ልጅ» አልኳት።

«ከየት?»

«ከባሕር።»

«ያስታውቃል።»

ጎንበስ አለችና ከስኪዬ ላይ ሰሙን በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው። «ሰማያዊ! ብርዱ ለዘብ ብሎ ሳለ? ሐምራዊ ነው እንጂ! የትኛው ደንቆሮ ነው የቀባልህ?»

ቱርብዮርግ ይሄን አልጽፍም አለች። ጻፊ!

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባል አለኝ፣ እንዳትሳሳት። ባሕር ላይ ነው፣ ቆየብኝ። ስኪ አይችልም። ኩራቱ! ሲመለስ ታስተምርልኛለህ።»

«አስተምርልሻለሁ» አልኳት።

«ነገ ና እንግዲህ። በስኪ። ሰሙን እኔ እቀባልሃለሁ።»

ሐምራዊው ሰም አለሽ፣ ቱርብዮርግ? ቆይ፣ መጀመሪያ አንብቢልኝ። ከላይ አይደለም... «ነገ ና» ካለችኝ ላይ ጀምረሽ።